ቪዲዮ ሰርቨር ላይ ማሳለፍ፣ መመለስና ፖዝ በደንብ እንዲሰሩ ፋይሉንም ዲስኩንም እንዴት እናዘጋጅ

የራሳችሁን የቪዲዮ ሳይት ወይ አፕ ምትሰሩ ልጆች፣ የትምህርት ቪዲዮም ይሁን ስብከትም ይሁን ፊልም፣ ይሄ ችግር ሁሌም ሚመጣው ሁሉም ነገር ተሰርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ሲጫወት ቆንጆ ነው፣ ወደ መሃል ሲዘለል ግን ይንጠለጠላል፣ ወይ ተመልሶ ከዜሮ ይጀምራል፣ ወይ ደግሞ ጥቂት ሰዎች አንድ ላይ ወደፊት ማሳለፍ ሲጀምሩ ዝም ብሎ ሚያየው ሰው ሁሉ ቪዲዮው ይቆምበታል። ከዛ ሰው ፕሌየር መቀያየር ይጀምራል። ፕሌየሩ ምንም አላጠፋም። በተኑ እሱ ላይ ይታያል እንጂ ዋናው ስራ ሚያልቀው ፋይሉ ኢንኮድ ሲደረግ (ተጨምቆ ሲዘጋጅ) እና ዲስክ ላይ ሲቀመጥ ነው፣ እዛ ላይ ካልተዘጋጀ በኋላ ምንም አይነት ጃቫስክሪፕት አያድነውም። ስለዚ ከፋይሉ እንጀምር።

ኪፍሬም

ቪዲዮ ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ስዕል አደለም። ሙሉ የሆነው ኪፍሬሙ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ከሌላ ፍሬም ጋር ሲነጻጸሩ ምን እንደተቀየረ ብቻ ነው ሚይዙት። ተመልካቹ አንድ ቦታ ላይ ሲዘል ፕሌየሩ እዛው ላይ መጀመር አይችልም፣ ከዛ በፊት ያለውን ኪፍሬም አግኝቶ ከሱ ጀምሮ እየፈታ መምጣት አለበት። ኤፍኤፍኤምፔግ (ቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም) ላይ ኤክስ264ን (ቪዲዮውን ሚጨምቀው ኢንኮደር) ምንም ሳትነኩ ከተጠቀማችሁ በሁለት ኪፍሬም መሃል ያለው ርቀት እስከ 250 ፍሬም ይሄዳል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ ይሄ 10 ሰከንድ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ 240 ምናምን ፍሬም ፈትቶ አንዱን ማሳየት ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ አስቡት።

ስለዚ ኪፍሬሙን በየ2 ሰከንዱ አድርጉት። በ25 ፍሬም ከሆነ የርቀቱን ከፍተኛም ዝቅተኛም 50 ትሰጡታላችሁ፣ ትዕይንት ሲቀየር ራሱ ኪፍሬም ሚጨምረውን ነገር ደግሞ 0 አድርጋችሁ ታጠፉታላችሁ። ማጥፋቱ ለምን? 360ም 720ም 1080ም ስትሰሩ የሁሉም ኪፍሬም ተመሳሳይ ሰከንድ ላይ መዋል አለበት፣ አለበለዚያ ኔትወርክ ወርዶ ጥራት ሲቀየር ምስሉ ይዘላል ወይ ይደገማል። ኪፍሬም ሲበዛ ፋይሉ ትንሽ ይወፍራል፣ እውነት ነው፣ ግን እኔ በዚ ጉዳይ ላይ አልደራደርም፣ ሰው ሚዘልበት ቪዲዮ ከሆነ 2 ሰከንድ ነው።

በቁጥር እንየው። ቪዲዮውን በኤችኤልኤስ (ቪዲዮን በትንንሽ ቁራጭ እየሰጠ ሚያጫውት አሰራር ነው) በ6 ሰከንድ ሴግመንት፣ ማለትም ቁራጭ፣ ቆራርጣችሁታል እንበል፣ ተመልካቹ 1 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ላይ ዘለለ። ይሄ 5027ኛው ሰከንድ ነው። ለ6 ሲካፈል 837 እና ትርፍ ይመጣል፣ ስለዚ ከዜሮ ስንቆጥር ሴግመንት ቁጥር 837 ነው ሚጠየቀው፣ እሱ ሚጀምረው 5022 ላይ ነው። ኪፍሬሞቹ 5022፣ 5024፣ 5026 ላይ አሉ። ፕሌየሩ 5026ን ይይዝና 25 ፍሬም ብቻ ፈትቶ 5027 ላይ ይደርሳል። ሰውየው ምንም አይታወቀውም። ያ ሁሉ ሴግመንት አንድ ኪፍሬም ብቻ ቢኖረው ኖሮ 125 ፍሬም ነበር ሚፈታው።

ኤችኤልኤስ ሳይሆን ዝም ብላችሁ ኤምፒ4 ፋይል ምትሰጡ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አለ። ኤምፒ4 ውስጥ ሙቭ ሚባል ክፍል አለ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ነው፣ የትኛው ሰከንድ ስንተኛው ባይት ላይ እንዳለ ሚናገረው እሱ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ ስራውን ሲጨርስ ነው ሚጽፈው፣ ስለዚ ፋይሉ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ፕሌየሩ ማውጫውን ሳያገኝ የትም መዝለል አይችልም፣ እሱን ፍለጋ መጀመሪያ ወደ ፋይሉ ጫፍ መሄድ አለበት፣ ሰርቨሩ ይሄን ካልፈቀደ ደግሞ ፋይሉ በሙሉ እስኪወርድ ይጠብቃል። ፋስትስታርት ሚባለውን ፍላግ ስትጨምሩበት ማውጫውን ወደ ፊት ያመጣዋል፣ ለዚ እንደገና ኢንኮድ ማድረግ አያስፈልግም፣ ኮፒ እያደረገ ነው ሚያስተካክለው፣ ያሏችሁን የድሮ ፋይሎች ሁሉ በአንድ ሌሊት ልታስተካክሏቸው ትችላላችሁ።

ሰርቨሩ ቁራጭ መስጠት ይችላል ወይ?

መዝለል ሚሰራው ፕሌየሩ "ከዚ ባይት እስከዚ ባይት ስጠኝ" ሲል ሰርቨሩ ያንን ብቻ ሲሰጥ ነው። ትክክለኛው መልስ 206 ሚባለው የኤችቲቲፒ ኮድ ነው፣ የጠየቅከውን ቁራጭ ብቻ ሰጠሁ ማለት ነው። 200 ከመለሰ ጥያቄውን አልሰማም ማለት ነው፣ ፋይሉን ከመጀመሪያው እያፈሰሰ ነው፣ "ስዘል ከዜሮ ይጀምራል" ሚባለው ችግር በአብዛኛው ይሄ ነው። ሳፋሪ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ ጭራሽ ላይጫወት ይችላል፣ አፕል የባይት ሬንጅ ድጋፍ ግዴታ ነው ስለሚል። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ በከርል (ከትዕዛዝ መስመር ጥያቄ መላኪያ ፕሮግራም) የመጀመሪያዎቹን 100 ባይት ብቻ ጠይቁ፣ 206 እና ርዝመት 100 ካላያችሁ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት እሱን አስተካክሉ።

ኤንጂንኤክስና አፓቺ ሚባሉት ዌብ ሰርቨሮች ፋይሉን ራሳቸው በቀጥታ ሲሰጡ ይሄን ያውቁበታል። ችግሩ ሚፈጠረው መሃል ላይ ኮድ ሲገባ ነው። "የከፈለ ሰው ብቻ ይይ" ለማለት ቪዲዮውን በፒኤችፒ ሪድፋይል አድርጎ መላክ በጣም የተለመደ ነው፣ እሱ ግን የሬንጅ ጥያቄ ሚባል ነገር አያውቅም፣ በዛ ላይ ቪዲዮው እስኪያልቅ አንድ የፒኤችፒ ፕሮሰስ ይዞ ይቀመጣል። ኮዳችሁ ፈቃዱን ብቻ ይመርምርና ኤክስ አክሰል ሪዳይሬክት ሚባለውን ሄደር መልሶ ፋይሉን ማውጣቱን ለኤንጂንኤክስ ይተውለት። ኖድ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ፋይሉን በፓይፕ ሳይሆን በፓይፕላይን ነው ማያያዝ ያለባችሁ፣ ምክንያቱም ፓይፕ ብቻ ከሆነ ሰውየው ዘሎ ኮኔክሽኑን ሲዘጋ የተከፈተው ፋይል አብሮ አይዘጋም፣ ሰው በዘለለ ቁጥር አንድ ክፍት ፋይል ትቶ ይሄዳል፣ ቀስ በቀስ ሰርቨሩ ይታነቃል። የፓይተን ቀላሉን ሰርቨር ለመሞከሪያ ምትጠቀሙም አስታውሱ፣ እሱ ሬንጅ አይደግፍም፣ እዛ ላይ መዝለል አልሰራም ብላችሁ ፋይሉን አትውቀሱ።

ከዋናው ማከማቻ ፊት ለፊት ኤንጂንኤክስን ካሽ (የተጠየቀውን ነገር ቅጂ ሚይዝ) አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት፣ በነባሪው ሰው መሃል ላይ ሲዘል ካሹ ፋይሉን በሙሉ ነው ከኋላ ሚጎትተው። ለ2 ሜጋባይት ብሎ 3 ጊጋባይት። ስላይስ ሚባለውን ሞጁል አብሩት፣ በ1 ሜጋባይት እየቆረጠ ሚያስፈልገውን ቁራጭ ብቻ ያመጣል፣ የስላይሱን ሬንጅ የካሹ ቁልፍ ውስጥ ማስገባቱን ግን አትርሱት፣ አለዚያ አንዱን ቁራጭ በሌላው ቦታ ይሰጣል።

ፋስት ፎርዋርድ ዲስኩን ምን ያደርገዋል

እዚ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ሰው ሚዘለው ነገር ነው ግን ሙሉ ሲስተሙን ሚገድለውም እሱ ነው።

7200 አርፒኤም ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል፣ ስለዚ አንዱ ዙር 8.3 ሚሊሰከንድ፣ ዳታው ጭንቅላቱ ስር እስኪደርስ በአማካይ ግማሹ 4.2 ገደማ። ጭንቅላቱ ከቦታ ቦታ ሚሄድበት 8 ወይ 9 ሲጨመርበት አንድ አዲስ ቦታ ማንበብ ለመጀመር 12.5 ሚሊሰከንድ ያህል ይሄዳል፣ ገና ምንም ሳይነበብ ማለት ነው። ማንበብ ሲጀምር በሰከንድ 150 ሜጋባይት ይሰጣል እንበል።

አሁን በ4 ሜጋቢት በኖርማል ሚያይ አንድ ሰው እንውሰድ። 6 ሰከንድ ሴግመንት 3 ሜጋባይት ነው፣ ለማግኘት 12.5፣ ለማንበብ 20፣ በጠቅላላ 32.5 ሚሊሰከንድ በየ6 ሰከንዱ። በሰከንድ ሲሰላ 5.4 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው ዲስኩን ሚይዘው። በወረቀት ላይ አንድ ዲስክ 180 ምናምን ሰው ይችላል።

ይሄው ሰው 8 እጥፍ ፍጥነት ላይ ማሳለፍ ጀመረ። መላውን ዳታ 8 እጥፍ አድርጋችሁ ከላካችሁለት 32 ሜጋቢት ያስፈልገዋል፣ ያ አይታሰብም። ስለዚ ኪፍሬሞቹን ብቻ እንላክለት እንላለን፣ በየ2 ሰከንዱ ስለሆኑ በሰከንድ 4 ኪፍሬም፣ አንዱ 100 ኪሎባይት ቢሆን 3.2 ሜጋቢት፣ ኔትወርኩ ላይ ከኖርማሉ እንኳን ያንሳል። ደስ ይላል። ዲስኩ ላይ ግን እያንዳንዱ ኪፍሬም ሌላ ቦታ ነው ያለው፣ 4 ጊዜ 12.5 እና ትንሽ የማንበቢያ ሲደመር በሰከንድ 53 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይመጣል። አንዱ አሳላፊ የ10 ተመልካች ያህል ዲስክ በላ። 19 ሰው አንድ ላይ ቢያሳልፍ ዲስኩ አለቀ፣ የባንድዊድዝ ግራፋችሁ ላይ ግን ምንም ነገር አይታይም፣ እንደውም ትራፊክ የቀነሰ ይመስላል። ለዚ ነው ብዙ ሰው ችግሩን ማያገኘው።

መፍትሄው የማሳለፊያ ፋይል ለብቻው መስራት ነው። ከእያንዳንዱ ፊልም በሰከንድ አንድ ፍሬም ብቻ ያለው፣ ሁሉም ኪፍሬም የሆነ፣ በ320 በ180 ትንሽ ቅጂ አውጡ። አንዱ ፍሬም 10 ኪሎባይት ቢሆን የ2 ሰዓት ፊልም 7200 ፍሬም፣ 72 ሜጋባይት ነው። ዋናው ፊልም በ4 ሜጋቢት 3.6 ጊጋባይት ነው፣ ስለዚ ጭማሪው 2 ፐርሰንት ነው። በ8 እጥፍ ሲያሳልፍ በሰከንድ 8 ፍሬም፣ 640 ኪሎቢት ብቻ ይሄዳል፣ ፍሬሞቹ ደግሞ ተከታትለው ስለተቀመጡ ዲስኩ አንዴ ሄዶ የብዙ ሰከንድ ይዞ ይመጣል። 32 እጥፍ ካስፈለገ አንዱን እየዘለላችሁ ላኩ። ወደኋላ መመለስም በዚሁ ፋይል ነው ሚሰራው፣ ሁሉም ኪፍሬም ስለሆነ ከጫፉ ወደ መጀመሪያው ማንበብ ይቻላል፣ ከዋናው ፋይል ግን ወደኋላ ማጫወት ማለት እያንዳንዱን ክፍል ወደፊት ፈትቶ ሜሞሪ ላይ ይዞ ገልብጦ ማሳየት ነው፣ ማንም ጤነኛ ሰው ስልክ ላይ አያደርገውም። በዛ ላይ 1000 ፊልም ቢኖራችሁ የማሳለፊያ ፋይሎቹ ሁሉ ተደምረው 72 ጊጋባይት ናቸው፣ ትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ይገባሉ፣ ዋናዎቹ ፊልሞች ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቀመጡ።

ኤችኤልኤስ ለዚ ቦታ አለው፣ ማስተር ፕሌይሊስቱ (የሁሉም ጥራት ዝርዝር ሚጻፍበት ፋይል) ላይ አይ ፍሬም፣ ማለትም ኪፍሬም፣ ብቻ ያለው ፕሌይሊስት ለብቻው ይጠቀሳል፣ ውስጡ የእያንዳንዱ ፍሬም የባይት ቦታና ርዝመት ይጻፋል። ዳሽ ላይም (እንደ ኤችኤልኤስ ያለ ሌላ አሰራር ነው) ለዚሁ ሚሆን ትሪክ ሞድ ሚባል አዳፕቴሽን ሴት አለ። የአፕል ፕሌየሮች ፕሌይሊስቱን ካገኙ ሲያሳልፉ ራሳቸው ይጠቀሙበታል፣ ዌብ ፕሌየሮች ላይ ግን ድጋፉ ይለያያል፣ ምትጠቀሙት ፕሌየር ማይደግፍ ከሆነ ከታች ምነግራችሁ የትንንሽ ስዕል መንገድ ይበቃችኋል።

ብዙ ዲስክ ላይ ፋይሉን እየቆራረጣችሁ ምትበትኑ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ፣ ይሄ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ቪዲዮ ሰርቨር ሲሰሩ የነበሩ ሰዎች በደንብ ያጠኑት ነገር ነው። 8 ዲስክ አለ፣ ቁራጮቹ በተራ ተቀምጠዋል፣ ቁራጭ 0 ዲስክ 0 ላይ፣ ቁራጭ 1 ዲስክ 1 ላይ እያለ ቁራጭ 8 ተመልሶ ዲስክ 0 ላይ። ተመልካቹ በ4 እጥፍ ለማሳለፍ በየ4ቱ አንድ ቁራጭ ሲወስድ 0፣ 4፣ 8፣ 12 ይሆናል፣ ዲስኩ ሲታይ 0፣ 4፣ 0፣ 4። 6 ዲስክ ቁጭ ብሎ ያያል። በ8 እጥፍ ከሆነ ደግሞ ሁሉም አንድ ዲስክ ላይ። ዲስኩን 7 ብታደርጉት ግን በ4 እጥፍ 0፣ 4፣ 1፣ 5፣ 2፣ 6፣ 3 ይሄዳል፣ ሁሉንም እኩል ይነካል። ወይ 8ቱን ትታችሁ ፍጥነቱን 3 እና 5 እጥፍ አድርጉት፣ በ3 ስትዘሉ 0፣ 3፣ 6፣ 1፣ 4፣ 7፣ 2፣ 5 ነው ሚመጣው። የዲስኩ ቁጥርና የዝላዩ ቁጥር ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ እንዳይኖራቸው ነው ነገሩ። ቁራጮቹን በሃሽ (በተራ ሳይሆን በስሌት አደባልቆ) ሚበትን ኦብጀክት ስቶሬጅ ላይ ከሆናችሁ ይሄ አያሳስባችሁም።

ጣት ሲጎትት

ተመልካቹ መስመሩን ይዞ ሲጎትት ፕሌየሩ በአንድ ጉተታ ብዙ የመዝለል ጥያቄ ሊተኩስ ይችላል፣ ከነዚ ውስጥ ሚፈለገው የመጨረሻው ብቻ ነው። ስለዚ እየጎተተ እያለ ትንንሽ ስዕል አሳዩት፣ ጣቱን ሲያነሳ ብቻ ዝለሉ። በየ10 ሰከንዱ አንድ ስዕል በ160 በ90 አውጡ፣ 10 በ10 አድርጋችሁ አንድ ትልቅ ስዕል ላይ ደርድሯቸው፣ የ2 ሰዓት ፊልም 720 ስዕል ስለሆነ 8 ገጽ ይበቃዋል። የትኛው ሰከንድ የትኛው ገጽ ላይ የት ጋ እንዳለ በዌብቪቲቲ ፋይል (ለሰብታይትልም ሚያገለግል የጽሁፍ ፋይል) ትጽፋላችሁ፣ ብዙ ፕሌየሮች ያነቡታል። ስምንት ስዕል ነው እንግዲህ፣ ካሽ ሆኖ ይቀመጣል፣ ዲስኩ ጋ ማንም አይደርስም። "10 ሰከንድ ወደፊት" ሚለው በተን ተደጋግሞ ሲጫንም እንደዛው፣ ከመጨረሻው ጫና በኋላ 250 ሚሊሰከንድ ያህል ጠብቁና አንዴ ዝለሉ፣ ቀድሞ የተላከውን ጥያቄም ሰርዙት።

ወደኋላ 10 ሰከንድ ደግሞ ሰርቨር ጋ ጭራሽ መድረስ የለበትም። ትምህርት ወይ ስብከት ሚያዳምጥ ሰው "ምን አለ?" ብሎ ደጋግሞ ይመልሳል፣ ያለፈውን 30 ሰከንድ ፕሌየሩ ሜሞሪ ላይ ያዙለት።

ወደፊት ሚያዘውን ግን ገድቡት። ኤችኤልኤስ ጄኤስ ሚባለው የዌብ ፕሌየር በነባሪው 30 ሰከንድ ሊይዝ ይሞክራል ግን የሜሞሪ ገደቡ 60 ሜጋባይት ስለሆነ በ4 ሜጋቢት ቪዲዮ እስከ 120 ሰከንድ ድረስ ይጎትታል። ሰውየው ከዘለለ ያ ሁሉ ተጣለ። አገር ቤት በሞባይል ፓኬጅ ሚያይ ሰው 60 ሜጋባይት በብሩ የገዛው ነው፣ ሦስት ጊዜ ሲዘል 180 ሜጋባይት ሳያየው አለቀበት ማለት ነው። ገደቡን 15 ሜጋባይት አድርጉት፣ 30 ሰከንዱ ላይ ይቆማል። እባካችሁ ይሄን አድርጉ፣ ሁለት ደቂቃ ማይፈጅ ስራ ነው።

1.5 እና 2 እጥፍ ፍጥነት ከማሳለፍ ይለያል፣ ሁሉም ፍሬምና ድምጹም ይፈለጋል። 4 ሜጋቢት የነበረው 8 ይሆናል። ለብቻው ሚዘጋጅ ፋይል የለም፣ ፕሌየሩ ፍጥነት ሲጨምር ጥራት እንዲመርጥ ፍጥነቱን ሂሳቡ ውስጥ ማስገባቱን ብቻ አረጋግጡ፣ ማያስገባ ከሆነ 2 እጥፍ ላይ ከፍተኛውን ጥራት ራሳችሁ ዝጉት።

ፖዝና መቀጠል

ድሮ ፖዝ ከባድ ነበር። ታይም ዋርነር ሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1994 መጨረሻ ኦርላንዶ ላይ የጀመረው አይነት ሲስተም፣ ወይ በኋላ በ1998 የወጣው አርቲኤስፒ ሚባል የቪዲዮ ማዘዣ ፕሮቶኮል፣ ሰርቨሩ እያንዳንዱ ሰው የት እንዳለ ራሱ ይዞ ነበር ሚሰራው፣ ሰው ፖዝ ሲያደርግ ቦታውን ይጠብቅለታል ወይስ ለሌላ ይሰጣል ሚለው ራሱን የቻለ ጥናት ነበር። አሁን በኤችቲቲፒ ሰርቨሩ ምንም አያስታውስም፣ ፖዝ ማለት ጥያቄ አለመላክ ነው። ከዛ ዘመን ግን አንድ ነገር ውሰዱ፣ የዲስኩን አቅም እስከ ጫፉ በኖርማል ተመልካች አትሙሉት፣ ሩቡን ያህል ለሚዘልና ለሚመለስ ሰው ተዉት፣ ሲጨናነቅ ደግሞ መጀመሪያ ማሳለፊያውን አዘግዩ እንጂ ዝም ብሎ ሚያየውን ሰው አታቋርጡ።

የዛሬው የፖዝ ችግር ቶከን (ሊንኩ ላይ ሚገባ ጊዜያዊ ፈቃድ) ነው። ሊንካችሁ በ1 ሰዓት ሚያልቅ ፊርማ ካለው፣ ሰውየው ፖዝ አድርጎ እራት በልቶ ሲመለስ ባፈሩ ላይ ያለውን ያይና ቀጣዩ ሴግመንት 403 (አልተፈቀደም) ይመልስለታል፣ ስክሪኑ ላይ "ስህተት ተፈጥሯል" ይወጣል። ፕሌየሩ 403 ሲያገኝ ዝም ብሎ አዲስ ቶከን ጠይቆ ያንኑ ሴግመንት ይድገም፣ ተመልካቹ ምንም ማወቅ የለበትም።

የት ጋ እንደደረሰ ለመያዝ በየሰከንዱ ዳታቤዝ ላይ አትጻፉ። ፖዝ ሲያደርግ፣ ሲዘል፣ ገጹ ሲደበቅ፣ ከዛ ውጪ በየ15 ሰከንዱ ይበቃል። ሲቀጥል ደግሞ ከያዛችሁት ቦታ 3 ወይ 4 ሰከንድ ወደኋላ አድርጋችሁ ጀምሩለት፣ ንግግሩ መሃል ላይ ስለሚቆረጥ።

ስትሞክሩት ኮምፒውተራችሁ ላይ ባለው ፈጣን ኔትወርክ አትሞክሩት። ኔትወርኩን 1 ሜጋቢት ላይ አስራችሁ፣ ርካሽ አንድሮይድ ላይ፣ 30 ሰው ሚያይ እና 10 ሰው ሚያሳልፍ አስመስላችሁ በስክሪፕት ጥያቄ እየላካችሁ፣ አዮስታት (የዲስክ ስራ ማሳያ ትዕዛዝ) ከፍታችሁ የዲስኩን የስራ ፐርሰንት እዩ። ማሳለፉ ሲጀምር እሱ ቁጥር ወደ 100 ከዘለለ ጥያቄዎቹ አሁንም ዋናውን ፋይል እየነኩ ነው፣ የማሳለፊያው ፕሌይሊስት ወደ የትኛው ፋይል እንደሚያመለክት ተመልሳችሁ አረጋግጡ።